ጨው፣ እንቅርትና የተማሪው አንጎል



«ይኸ ልጅ ፈዛዛ ነው» የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰልጣኝ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ሁላችንም ባለፍንበት ትምህርት ቤት በኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ሲጠሩት ዘግይቶ ቀና የሚል፣ ትናንት የተማረውን ዛሬ የማይመልስ አንድ ልጅ ነበረ። መምህሩም ክፍሉም በዚያው ስም ያውቀዋል። ውሎ ሲያድር ልጁ ራሱም ስሙ አድርጎ ይቀበለዋል። እኛ ዕጩ መምህራን ነገ በኩርሙክም ሆነ በመንጌ፣ በባምባሲም ሆነ በካማሺ አንድ ክፍል ስንረከብ እንዲህ ያለው ልጅ እዚያ ይጠብቀናል። ታዲያ ፍዘቱ ከየት መጣ? ከስንፍና ነው? ከዘር ነው? ወይስ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ አንጎሉ ሳያገኘው የቀረ ነገር አለ?

የአንጎል ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ አንድ ብቻ አይደለም። እኛ ግን ለዛሬው ጽሑፋችን አንዱን መርጠናል፤ ይኸውም መድኃኒቱ በየጓዳችን ስለሚገኝና በጣም ርካሽ ስለሆነ ነው። ጨው ነው። በትክክል ለመናገር፣ በጨው ውስጥ የሚጨመረው አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ስለ አንጎል በሚጻፍ ጽሑፍ ጨው ምን አገባው የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡን።

በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ ክንፏን እንደ ዘረጋች ቢራቢሮ ያለች ዕጢ አለች። ታይሮይድ ትባላለች። በእኛ አገር አብጣ ስለምናውቃት የእንቅርት ዕጢ የሚሏትም አሉ። ይህች ዕጢ አዮዲንን ከደም ውስጥ እየለቀመች ሁለት ሆርሞኖችን ትሠራለች። አንደኛው አራት፣ ሁለተኛው ሦስት የአዮዲን አቶሞች አሏቸው፤ ቲ 4 እና ቲ 3 የተባሉትም በዚሁ ቁጥር ነው። ሆርሞኖቹ በደም ተሰራጭተው ሰውነት ምን ያህል ፈጥኖ እንዲሠራ፣ ምን ያህል እንዲሞቅ፣ እንዴት እንዲያድግ ያዛሉ። አዮዲን ሲያንስ ሆርሞኑም ያንሳል። በዚህን ጊዜ በአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ የተባለች ሌላ ዕጢ «ጨምሪ፣ ሥሪ» የሚል ትእዛዝ ሳታቋርጥ ትልካለች። ታይሮይድም ትእዛዙን ለመፈጸም ስትል ትሰፋለች፣ ታብጣለች። ጥሬ ዕቃ የሌለው ፋብሪካ ሕንፃውን ቢያሰፋ ምን ዋጋ አለው? እንቅርት የምንለው እንግዲህ ይህንን ነው። በአንዳንድ የአገራችን ክፍል ሴቶች አንገታቸውን የሚነቀሱት እንቅርትን ይከላከላል በሚል እምነት ጭምር እንደነበረ ይነገራል። ንቅሳቱ ለውበት ይሁን፣ ለዕጢዋ ግን አንድም አዮዲን አይሰጣትም።

የሚያስፈልገን አዮዲን ምን ያህል ነው ቢባል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይመድባል። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እስቲ እናስላው። 150 በ365 ቀን ሲባዛ 54,750 ማይክሮግራም ነው። በ70 ዓመት ብናባዛው 3,832,500 ማይክሮግራም፣ ማለት አራት ግራም እንኳ የማይሞላ ይሆናል። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ቀለብ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም! ነገር ግን ሰውነታችን ብዙ ማጠራቀም ስለማይችል በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማግኘት አለበት። ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ድርሻው ወደ 250 ማይክሮግራም ከፍ ይላል። ለምን ቢሉ፣ ለሁለት ሰው ስለምትሠራ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። እንቅርት ለዓይን ይታያል፣ በሻሽ ይሸፈናል፤ ከባዱ ጉዳት ግን የማይታየው ነው። የአዋቂ ሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉት ተቆጥሯል። እነዚህ ሕዋሳት ተወልደው የሚያድሩት በሚሠሩበት ቦታ አይደለም። በጽንሱ አንጎል ውስጥ ከአንድ ስፍራ ተነሥተው ወደየምድባቸው ይጓዛሉ። እኛን ከዚህ ኮርስ በኋላ ወደየወረዳው እንደሚመድቡን ማለት ነው። ከደረሱ በኋላ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፣ ከጎረቤት ሕዋስ ጋር ይገናኛሉ፣ ረጅሙ ክራቸው ደግሞ ማይሊን በሚባል ስብ ነክ ሽፋን ይጠቀለላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ እንደሚሸፈን ዓይነት ነው። መቼ እንዲነሡ፣ የት እንዲቆሙ፣ መቼ እንዲጠቀለሉ ከሚያዙት ኃይሎች አንዱ የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ በሰዓቱ ካልደረሰ ሕዋሱ ከምድቡ ይዘገያል፣ ቅርንጫፉ ይሳሳል፣ ሽፋኑ ይቀጥናል። ይህ ሁሉ ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። ያ ሰዓት ካለፈ በኋላ አዮዲን በገፍ ቢመጣ ያለፈውን አይመልስም።

ጽንሱ የራሱን ሆርሞን መሥራት የሚጀምረው በ12ኛው ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ በበቂ መጠን የሚያመርተው ግን እርግዝናው ሲጋመስ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚጠቀመው የእናቱን ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ወደ ጤና ጣቢያ ለክትትል እስክትሄድ ድረስ የልጇ አንጎል ብዙ መንገድ ሄዷል። እጥረቱ የከፋ ከሆነ ልጁ ክሬቲኒዝም በሚባለው ጉዳት ይወለዳል፤ ቁመቱ ይቀጭጫል፣ ጆሮው አይሰማም፣ አንደበቱ አይፈታም፣ እግሩ ይተሳሰራል፣ ማሰቡም እጅግ ይዳከማል። እንዲህ የሆኑት ጥቂቶች ናቸው። ከእነርሱ በስተኋላ ያሉት ግን ብዙ ናቸው፤ መልካቸው ጤነኛ፣ እግራቸው ብርቱ፣ ሆኖም መቀበል የሚከብዳቸው ልጆች። እነዚህ በሐኪም ቤት መዝገብ ላይ አይገኙም። የሚገኙት በመምህሩ የውጤት መዝገብ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ወሬ አለመሆኑን የሚያሳዩ ሙከራዎች ተደርገዋል። የመጀመሪያው የተደረገው በትምህርት ቤት ስለሆነ ደስ ይለናል። እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ ዶክተር ዴቪድ ማሪንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን በምትባል ከተማ ለሴት ተማሪዎች አዮዲን መስጠት ጀመሩ። ከወሰዱት 2,190 ተማሪዎች መካከል አንገታቸው ያበጠው 5 ብቻ ነበሩ። ካልወሰዱት 2,305 መካከል ግን 495፤ ከአምስት አንዷ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1922 በስዊዘርላንድ፣ በ1924 ደግሞ በአሜሪካ ሚሺጋን አዮዲን ያለው ጨው ለሕዝብ መሸጥ ተጀመረ። ስዊዘርላንድ ዛሬ በሰዓትና በቸኮሌት ትታወቃለች፤ በዚያን ዘመን ግን በተራሮቿ ውስጥ እንቅርትና ክሬቲኒዝም የሞሉባት አገር ነበረች። ይህንን የምንጽፈው እንቅርት «የእኛ ሰፈር በሽታ» የሚመስለው ሰው ስላለ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ የአንጎልን ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ጂሚ በሚባል ሸለቆ፣ ፒተር ፋሮህ የተባለ ሐኪም አንዱን ቤተሰብ አዮዲን ያለበት ዘይት፣ ቀጣዩን ደግሞ አዮዲን የሌለው መርፌ እያስወጋ አለፈ። ከዚያ የሚወለዱትን ልጆች ተከታተለ። አዮዲን ካላገኙት እናቶች ከተወለዱት 534 ልጆች 26ቱ ክሬቲኒዝም ታየባቸው። ካገኙት እናቶች ከተወለዱት 498 ልጆች ግን 7 ብቻ። ከእነዚህ ከ7ቱም የ6ቱ እናቶች መርፌውን የተወጉት ካረገዙ በኋላ ነበር። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቧት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችን የደመሩ ሊቃውንት፣ አዮዲን በጎደለበትና ባልጎደለበት አካባቢ በሚያድጉ ልጆች መካከል በአእምሮ ችሎታ መለኪያ ከ12 እስከ 13 ነጥብ የሚሆን ልዩነት አግኝተዋል። እርግጥ መለኪያው ራሱ ፍጹም አይደለም፤ የአንዱን አገር ፈተና ለሌላው አገር ልጅ መስጠት ብዙ ያሳስታል። የሆነ ሆኖ በሁለቱም ወገን ያሉት ልጆች ተመሳሳይ ፈተና ነውና የወሰዱት፣ ልዩነቱ ልዩነት ነው። ደግሞም ድህነት ብቻ አይደለም ያመጣው። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል አካባቢ 1,040 እናቶችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በእርግዝናቸው መጀመሪያ አዮዲን ያነሳቸው እናቶች ልጆች ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው በቃላት ችሎታና በንባብ ትክክለኛነት ዝቅተኛውን ረድፍ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ንባብ! የእኛ ሥራ አይደለም እንዴ?

ወደ አገራችን እንምጣ። አዮዲን በባሕር ሞልቷል። ከባሕር ወደ አየር ይወጣል፣ በዝናብም ወደ ምድር ይወርዳል። ነገር ግን ተመልሶ ከሚመጣው ይልቅ ጎርፍ አጥቦ የሚወስደው በሚበዛበት አገር አፈሩ ይራቆታል፤ በዚያ አፈር የበቀለው እህልም፣ ሣሩን የበላችው ከብትም አዮዲን የላቸውም። የኢትዮጵያ ምድር ለብዙ ሺህ ዘመን የታጠበ ነው። የእኛም ክልል ክረምቱ ረጅም ነው፤ አሶሳ ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፣ የሚጠርገውን ሁሉ ዓባይ ይዞት ይወርዳል። ጉባ ላይ የተሠራው ግድብ ውኃውን ያዘልን እንጂ የታጠበውን አዮዲን አይመልስልንም። ስለዚህ ማሽላና በቆሎ እያመረተ የሚበላ ገበሬ፣ ቢጠግብም እንኳ አዮዲን ሊጎድለው ይችላል። ብዙ ሰው የማይረዳው ይህንን ነው። ይህ ረኀብ የሆድ ረኀብ አይደለም።

በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት በመላ አገሪቱ ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች አንገታቸው ተዳስሶ፣ ከመቶ 35.8 እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ከ30 ከመቶ በላይ ሆነው እጅግ ተጎጂ ከተባሉት አራት ክልሎች አንዱ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ነበር። ሌሎቹ የያኔው ደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች፣ ኦሮሚያና ትግራይ ናቸው። ያ ዘመን ለምን የከፋ እንደሆነ ምክንያት አለው። ቀድሞ አገራችን የምትበላው ጨው በአብዛኛው ከቀይ ባሕር ጠረፍ፣ ከአሰብና ከምፅዋ ይመጣ ነበር፤ እዚያም አዮዲን ይጨመርበት ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ። በምትኩ በአፋር ክልል የአፍዴራ ሐይቅ ጨው ገበያውን ያዘ። አዮዲን ግን አልተከተለውም። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤተሰብ በ15ቱ ቤት ብቻ ነበር።

በዚያው በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አወጣ። በ2008 ዓ.ም. ጥናቱ ሲደገም ከመቶ 89 ቤተሰብ አዮዲን ያለው ጨው ተገኘበት። በአምስት ዓመት ከ15 ወደ 89 መድረስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ሳንሸፋፍን እንናገር። ያ ጥናት የጠየቀው «አዮዲን አለው ወይ?» ብሎ ነው እንጂ «ይበቃል ወይ?» ብሎ አይደለም። በዚያው ዘመን መጠኑን የለካ ሌላ አገር አቀፍ ጥናት፣ በቤት ውስጥ ሊኖር የሚገባውን ዝቅተኛ መጠን፣ ማለት በአንድ ግራም ጨው 15 ማይክሮግራም የያዘው ሩብ ያህሉ ብቻ እንደሆነ አግኝቷል። ሌላው ወይ ሲሠራ በደንብ አልተደባለቀም፣ ወይ በመንገድ ጠፍቷል።

አዲሱ ጨው በገበያ በሚገባበት ሰሞን በአማራ ክልል የተደረገ ምርምር ደግሞ አለ። ወረዳዎች በዕጣ ተከፍለው አንዳንዶቹ አዮዲን ያለው ጨው ቀደም ብሎ እንዲደርሳቸው ተደረገ፤ ሌሎቹ በተለመደው ጊዜ አገኙ። ከዚያ የሕፃናቱ ዕድገት ተለካ። ጨውን ከመፀነሳቸው በፊት ያገኙት እናቶች ልጆች በአእምሮ ዕድገት መለኪያ ብልጫ አሳዩ። የፓፑዋ ኒው ጊኒው ትምህርት በአገራችን አፈር ላይ ተደገመ ማለት ነው።

ስለ ጨው ካነሣን አይቀር፣ ይህ ምድር ከጨው ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ የግሪክ ነጋዴ፣ የአክሱም ነጋዴዎች ከብትና ጨው ብረትም ይዘው ሳሱ ወደምትባል አገር እየሄዱ በወርቅ ይለውጡ እንደነበር ጽፏል። ሳሱን በዚሁ በቤንሻንጉልና በፋዞግሊ አካባቢ የሚያስቀምጧት የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ወርቁ ከእኛ፣ ጨው ከእነርሱ። ዛሬም ጨው የሚመጣልን ከዚያው ከአፋር በኩል፣ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በፀሐይና በዝናብ ሲመጣ አዮዲኑ እየተነነ እንደሚቀንስ መገመት አያዳግትም።

በገበያችን የምናየውንም እንጻፍ። ጨው ሁለት ዓይነት ሆኖ ይቀርባል። አንዱ በላስቲክ ታሽጎ «አዮዲን» የሚል የተጻፈበት ነው። ሌላው በኩንታል ጆንያ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ በጣሳ የሚሰፈረው ነው። የኋለኛው ረከስ ይላል። አንዲት ባልቴት ሻጭ ዘንድ ቀርበን «እማማ፣ ይኸኛው አዮዲን አለው?» ብንላቸው ከት ብለው ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ጨው ጨው ነው፤ ካልጣፈጠህ መልስልኝ» አሉን። እውነታቸውን ነው። አዮዲን በምላስ አይታወቅም፣ ጨውንም አያጣፍጥም አያመርርም። ተረቱ ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይለዋል። ለአንጎል ግን መጣፈጡ ብቻ አይበቃም። ከብት የሚልሰው አሞሌም ቢሆን ይጣፍጣል፤ አዮዲን ግን አልተጨመረበትም።

የተገዛው ጨው ቤት ከገባ በኋላም ጉዳዩ አያበቃም። ብዙ ቤት ጨው የሚቀመጠው ከምድጃ አጠገብ፣ አፉ ባልተከደነ ዕቃ ነው። ወጡ ላይ የሚጨመረውም ገና ሲጣድ ነው። ሙቀትና እርጥበት አዮዲንን ያባርሩታል። ስለዚህ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር፣ ጨውን በውኃ አለማጠብ፤ ይኸው ነው። ሆኖም «አዮዲን ይብዛልኝ» ብሎ ጨው ማብዛት አያስፈልግም፤ የደም ግፊት ያመጣል። በአንድ ግራም 30 ማይክሮግራም ካለው በቀን 5 ግራም ጨው 150ውን ይሞላል።

በእኛ ክልል ልዩ ሆኖ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር የቀርከሃ ቀንበጥ ነው። ክረምት ሲገባ ከመሬት የሚወጣውን ለጋ ቀርከሃ ቀቅሎ መብላት የቆየ ልማድ ነው፤ ጥሩ ምግብም ነው። ነገር ግን ለጋው ቀርከሃ እንደ ካሳቫ ሁሉ ሲያናይድ የሚያመነጭ ነገር አለው። ሰውነት ይህንን መርዝ ሲያከሽፈው ታዮሳያኔት ወደተባለ ነገር ይለውጠዋል፤ ታዮሳያኔት ደግሞ አዮዲን ወደ ዕጢዋ እንዳይገባ በሩ ላይ ይሻማዋል። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ማኒፑር በሚባለው ግዛት የቀርከሃ ቀንበጥ አዘውትረው በሚበሉ ሰዎች ዘንድ አዮዲን እያለ እንኳ እንቅርት መታየቱ ተጽፏል። አዮዲን ባነሰበት ላይ ይህ ሲጨመር «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው ይሆናል። እንግዲህ ቀርከሃ አትብሉ ልንል አይደለም። የአያቶቻችንን ምግብ በሁለት መስመር የምንሽር እኛ ማን ነን? ቀንበጡን በደንብ ቀቅሎ የተቀቀለበትን ውኃ መድፋት መርዙን በብዙ ይቀንሰዋል። ብዙዎቹ እናቶቻችንም ይህንኑ ሲያደርጉ አይተናል፤ ሳይንሱ ከእነርሱ በኋላ ነው የደረሰው።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር እንመለስ። ከ7ቱ ልጆች የ6ቱ እናቶች መርፌውን የተወጉት ካረገዙ በኋላ ነበር ብለናል። ጊዜው አልፎባቸው ነበር። የአማራ ክልሉም ጥናት የሚለው ያንኑ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አንዲትን ሴት ከማርገዟ በፊት የሚያገኛት ማነው? ሐኪሙ አይደለም፤ ጤነኛ ናትና ወደ እርሱ አትሄድም። አዋላጇ አይደለችም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ለቤት ስትዞር የምታገኘው ባለትዳሮቹን ነው። በየቀኑ፣ ስሟን እየጠራ፣ ፊት ለፊት የሚያገኛት መምህሩ ነው። ስድስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ ክፍል ያሉት ልጃገረዶች፣ በክልላችን ብዙዎቹ ቶሎ እንደሚዳሩ የታወቀ ስለሆነ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እናቶች ናቸው። በክፍላችን ውስጥ አርባ ተማሪ አለ ብለን ስንቆጥር፣ ገና ያልተወለዱ ሌሎች ተማሪዎችም እዚያው ተቀምጠዋል። ስለ አዮዲን የምትነገረው አንዲት የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ለእነዚያ ነች። መጽሐፉ ላይ በአንድ መስመር «አዮዲን፦ እንቅርትን ይከላከላል» ተብሎ የሚታለፈውን እኛም በአንድ መስመር ካለፍነው ጉድ ነው። በፈተና ላይ «እንቅርት» ብላ በትክክል መልሳ ወደ ቤቷ ሄዳ ከጆንያ የተሰፈረ ጨው የምትጨምር ተማሪ ምን ተማረች?

አሁን በክፍል ውስጥ ላለው ልጅስ ምን ተስፋ አለ? ያለፈው አልፏል ብለን እጅ አንሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት በአልባንያ አገር አዮዲን የጎደላቸው 310 ልጆች፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 12 የሆነ፣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ አዮዲን ተሰጣቸው። ከ24 ሳምንት በኋላ ያገኙት ልጆች ከ7 ፈተናዎች በ4ቱ ካላገኙት በልጠው ተገኙ። በማኅፀን የጎደለው ሙሉ በሙሉ ባይመለስም፣ ዛሬ የጎደለው ዛሬ ቢሟላ አንጎሉ ምላሽ ይሰጣል። ሆርሞን ያነሰው ልጅ ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ይዘገያል። ይህ ደግሞ ከውጭ ሲታይ ስንፍና ይመስላል። በልምጭ የሚድን ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል የፈዘዘ ሁሉ አዮዲን ጎድሎት ነው ማለት ሌላ ስሕተት ነው፤ እንዲያውም ይህንን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ነገ ክፍል ገብቶ የልጆችን አንገት እየዳበሰ እንዳይፈርድ እንሰጋለን። የእኛ ክልል የወባ አገር ነው። በዩጋንዳ ካምፓላ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ ይዟቸው ከተረፉት ልጆች ከሁለት ዓመት በኋላ ከመቶ 26ቱ የማሰብ ችሎታቸው ተጎድቶ አግኝቷል፤ ካልታመሙት ግን ከመቶ 8 ገደማ ብቻ። ቁርስ ሳይበላ የመጣም ይፈዝዛል። ጆሮው በመግል የተደፈነም ይፈዝዛል። ደግሞም ቤቱ ቤርታኛ ወይም ጉሙዝኛ እየተናገረ ያደገ ልጅ በአማርኛ ተጠይቆ ዝም ቢል፣ ያ የአንጎል ጉዳይ ሳይሆን የቋንቋ ጉዳይ ነው። በቋንቋው ብትጠይቁት ምናልባት ከክፍሉ አንደኛ ይሆናል። መምህር የመጀመሪያ ሥራው መጠየቅ ነው እንጂ ስም ማውጣት አይደለም።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ አለን። በሚቀጥለው ወር ለማስተማር ልምምድ ወደየወረዳው የምትወጡ ሰልጣኞች ስትመለሱ አንዳንድ ማንኪያ ጨው በላስቲክ ቋጥራችሁ እንድታመጡልን እንጠይቃለን። በብጣሽ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉበት፦ ከየት ገበያ እንደተገዛ፣ የታሸገ ወይም የጆንያ መሆኑን፣ በቤት ውስጥ በምን ዕቃ ተቀምጦ እንደነበረ። የባለቤቱን ስም አትጻፉ። በቤተ ሙከራችን ያለው ስታርች ብቻውን አይሠራም፤ ምክንያቱም በጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን ፖታስየም አዮዴት በሚባል መልክ ስለሆነ ከስታርቹ ጋር አሲድና አዮዳይድ ያስፈልጋል። የመፈተሻው ጠብታ ሦስቱንም ይዟል። ጠብታው ጨው ላይ ሲያርፍ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ካልሆነ አዮዲን የለውም። ጨዉን ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ በጉዞ ላይ እንዳይረጥብ ተጠንቀቁ፤ ለሳይንስ ክበብ ተጠሪዎች አስረክቡ። ውጤቱን በዚሁ ግድግዳ ላይ፣ በየወረዳው ለይተን እንለጥፈዋለን።